ድምፅና ምስል ሲናበቡ፦ የአንድ ሙያ ታሪክና የእኛ ኃላፊነት



በግዕዝ ሰዋስው «ቤት» እና «መጻሕፍት» ሲናበቡ «ቤተ መጻሕፍት» ይሆናሉ። የተለወጠው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ሳድሱ «ት» ወደ ግዕዝ «ተ» ዞሯል። ያ ለውጥ ቢጠፋ ሁለቱ ቃላት እንዳሉ ይቆያሉ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ግን አይኖርም። ሙዚቃን ከምስል ጋር በጊዜ የማስማማቱን ሥራ ዛሬ «ማናበብ» የምለው ስለዚህ ነው። መናበብ የሙዚቃውም የምስሉም ብቻ ንብረት አይደለም፤ በመካከላቸው ያለ፣ ራሱን ችሎ ሊመዘገብና ሊጠበቅ የሚገባው ሦስተኛ ነገር ነው ብዬ እከራከራለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

በ1894 መጨረሻ ወይም በ1895 መጀመሪያ፣ በኒው ጀርሲ በሚገኘው የቶማስ ኤዲሰን ስቱዲዮ፣ ዊልያም ዲክሰን በትልቅ የድምፅ መቅረጫ ቀንድ ፊት ቆሞ ቫዮሊን ሲጫወትና ሁለት ወንዶች በአጠገቡ ሲደንሱ ተቀረጸ። ምስሉ በፊልም፣ ድምፁ በሲሊንደር ላይ ተቀመጠ። ሁለቱም ተርፈዋል፤ ነገር ግን ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ተለያይተው ኖሩ። ሲሊንደሩ ተሰብሮ ተገኝቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጠገን ሌላ ችግር ተገለጠ፤ ፊልሙ 17 ሰከንድ ያህል ሲሆን ሲሊንደሩ ከ2 ደቂቃ በላይ ድምፅ ይዟል። የምስሉ ድምፅ የትኛው ክፍል ነው? ኤዲተሩ ዋልተር መርች በኮምፒውተር የኤዲቲንግ ሶፍትዌር የቫዮሊኑን ደጋን እንቅስቃሴ ከዜማው ጋር እያስተያየ አናበባቸው። ፊልሙ የተቀረጸው በሰከንድ 40 ፍሬም ገደማ ስለነበር ፍጥነቱንም ማስተካከል ነበረበት። የዚያን ቀን መነሻ ነጥብ በጽሑፍ የያዘ ሰነድ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ፍለጋ ባላስፈለገ ነበር።

ዋርነር ብራዘርስ በ1926 «ዶን ህዋን»ን፣ በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር»ን ያሳየበት ቫይታፎን የተባለው ዘዴ መነሻ ነጥቡን አበጀ። በሸክላው ላይ መርፌው የሚያርፍበት ምልክት፣ በፊልሙ ላይም የመጀመሪያው ፍሬም ምልክት ነበረ። ሸክላው በደቂቃ 33⅓ ጊዜ፣ ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም ይሄዱ ነበር። ይሁንና ፊልሙ ተበጥሶ ጥቂት ፍሬሞች ሲጎድሉ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፋል። ስለዚህ የጎደለውን ያህል ጥቁር ፊልም በቦታው ይቀጠል ነበር፤ የጠፋው ምስል ባይመለስም ጊዜው እንዲጠበቅ። ብዙ የቫይታፎን ሥራዎች በኋላ ሸክላቸውን ወይም ፊልማቸውን አጥተዋል። ድምፁን በራሱ በፊልሙ ጠርዝ ላይ የማተም ዘዴ ሸክላውን ያሸነፈው ሁለቱን በአንድ አካል ስላሰራቸው ነው።

በ1928 ዋልት ዲዝኒ ለ«ስቲምቦት ዊሊ» ሙዚቃ ሲያስቀርጽ ጥያቄው ተለወጠ፤ ማን ማንን ይከተል? የመጀመሪያው የቀረጻ ሙከራ አልተሳካም። በሁለተኛው ግን የሙዚቃውን ምት የሚያሳይ ነጥብ በፊልሙ ላይ እየዘለለ መሪውን መራው። ሥዕሎቹም ከመነሻው በምት ተቆጥረው የተዘጋጁ ነበሩ። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ በደቂቃ 120 ምት ቢሆን እያንዳንዱ ምት 12 ፍሬም ይወስዳል።

ይህ ስሌት ዛሬም በሶፍትዌሮቻችን ውስጥ አለ። በአገራችን ቴሌቪዥን በተለመደው 25 ፍሬም ያንኑ ሙዚቃ ብትሠሩ እያንዳንዱ ምት 12.5 ፍሬም ይሆናል። ግማሽ ፍሬም ስለሌለ አንዱን ቁራጭ 12፣ ቀጣዩን 13 ታደርጋላችሁ። በምቱ ላይ በትክክል አርፏል የምትሉት ምስል አንዳንዴ በግማሽ ፍሬም ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ነው። ምቱ በቋሚ ፍጥነት የማይሄድ ዜማ ሲመጣማ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ጆሮ መፍረድ አለበት።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ለቪዲዮ ቴፕ የተፈጠረው ታይምኮድ ለእያንዳንዱ ፍሬም በሰዓት፣ በደቂቃ፣ በሰከንድና በፍሬም ቁጥር አድራሻ ሰጠ። የዛሬው ኤዲቲንግ ሶፍትዌርም በታይምላይኑ ላይ የምታዩትን ሁሉ በአድራሻ ይመዘግባል። የፕሮጀክቱ ፋይል በአብዛኛው ምስሉንም ሙዚቃውንም አልያዘም፤ የያዘው የትኛው ከየት ተነሥቶ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የያዘው ያቺን «ተ» ነው።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ቀረጻዎቻችንን በጥንቃቄ እናስቀምጣለን፤ የፕሮጀክቱ ፋይል ግን ሶፍትዌሩ ሲለወጥ የማይከፈት ይሆናል፣ ወይም ሥራው አለቀ ተብሎ ይሰረዛል። የተጠናቀቀው ቪዲዮ ቢተርፍም ድምፁና ምስሉ ተዋህደው ስለሚወጡ፣ የተበላሸውን ለማደስ ወይም ውሳኔው እንዴት እንደተሰጠ ለማጥናት አይበቃም። ስለዚህ የመመረቂያ ፊልሙን የሚያስረክብ ተማሪ ከተጠናቀቀው ቪዲዮ ጋር የፕሮጀክቱን ፋይል፣ እንዲሁም የቁራጮቹን አድራሻ በተራ ጽሑፍ የያዘ ዝርዝር እንዲያስረክብ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዝርዝሩ ከጥቂት ገጾች አይበልጥም። የዲክሰን ፊልም አንድ ምዕተ ዓመት የጠበቀው ከዚያ ያነሰ ማስታወሻ ነበር።