ሰፈራ በመተማ ቆላ

መሬት የጠበባቸውን የደጋ ገበሬዎች ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ወደ ገንዳ ውሃ፣ ኮኪትና አካባቢው ቆላ አውርዶ የማቋቋም የመንግሥት ፕሮግራም። መነሻው በ1995 ዓ.ም. የወጣው አገር አቀፍ ዕቅድ ነው፤ በ3 ዓመት ውስጥ በ4 ክልሎች 440,000 አባወራዎችን ለማስፈር ታስቦ ነበር።

ቀደም ሲል በ1977 ዓ.ም. ደርግ ብዙ ሺህ ሰዎችን፣ በግዴታ ጭምር፣ ወደ ፓዌና ጋምቤላ አጉዟል። የ1995ቱ ግን በፈቃደኝነትና በየክልሉ ወሰን ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ፤ ለአባወራ እስከ 2 ሄክታር ተፈቀደ። ሰፋሪው የለቀቀው መሬት ለ3 ዓመት እንዲጠበቅለት መደረጉ ትልቅ ቁም ነገር ነበር፤ ያልሆነለት መመለሻ አያጣም ነበር።

የመተማ ቆላ ሀብት ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ነው። ሰሊጥ በተለይ ፋታ አይሰጥም። ከዘገዩበት ቆቡ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ይታጨዳል፣ እየታሰረ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲደርቅ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ይህ ሁሉ የሰው እጅ ይፈልጋል፤ ሰፋሪው እርሻ ብቻ ሳይሆን ጉልበትም ይዞ ወርዷል።

ደገኛው ግን ወባን አልለመደም። የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈው ካላዛርም ካልታከሙት ይገድላል። ለእርሻ በተመነጠረው ደን ውስጥ ደግሞ ቀድሞ የአገሬው መተዳደሪያ የነበረው የዕጣን ዛፍ አብሮ ተቆርጧል።