የቆሰበር ፈረሰኞችና የጋላቢ ጡረታ

በአገው ምድር፥ በቆሰበር፥ ዛሬ እንጅባራ በምትባለው ከተማ፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ሲከበር የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች በሜዳ ይሰበሰባሉ። ኮርቻው በግላስ አጊጦ፥ ጐልማሳው ሽምጥ ይጋልባል፤ ጉግስም ይጫወታል።

ማኅበሩ የቆመው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ለተዋጉት ፈረሰኞች መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ዘመኑን ልብ ይሏል። ኢጣልያ ገና ከአገር አልወጣም ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ጠላት በአገር ሳለ ጠላት ድል የሆነበትን ቀን በማኅበር ማሰብ ቀላል ድፍረት አይደለም።

በባሕር ማዶ ግን ግልቢያ የቅጥር ሥራ ነው፤ ጋላቢውም ጆኪ ይባላል። ከጆኪዎች ሁሉ ስሙ የገነነው እንግሊዛዊው ጎርደን ሪቻርድስ በዘመኑ 4,870 ጊዜ አሸንፏል፤ 26 ጊዜም የዓመቱ አንደኛ ሆኗል። ደርቢ የተባለው ታላቁ ሩጫ ግን 27 ጊዜ አምልጦት በ28ኛው፥ በ1945 ዓ.ም.፥ ፒንዛ በተባለ ፈረስ ቀናው። ፈረሱም የባለጠጋው የቪክቶር ሳሱን እንጂ የእርሱ አልነበረም። በ1946 ዓ.ም. ፈረስ ወድቆበት ክፉኛ ስለ ተጐዳ ግልቢያውን ትቶ የሰው ፈረስ ወደ ማሠልጠን ተመለሰ። ያን ያህል ዘመን ደክሞ ከኮርቻው የወረደው በአንድ ቀን አደጋ ነው።

በኢትዮጵያ ፈረስና ፈረሰኛ በስም እንኳ አይለያዩም ነበር። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ አሉላም አባ ነጋ መባላቸው በፈረሳቸው ነው። በቅጥር የሚጋልብ ሰው እንዲህ ያለ ስም ከወዴት ያገኛል?

የቆሰበር ፈረሰኛ ጕልበቱ ሲደክም ሽምጡን ለልጁ ይተዋል እንጂ ከማኅበሩ አይወጣም። ወጣቱ በሜዳ ሲሽቀዳደም እርሱ በሽምግልና ተቀምጦ የተጣላውን ያስታርቃል። ማኅበርተኛ ሲሞት ባልንጀሮቹ በፈረስ ሆነው ይሸኙታል። በጥር 23ም ከጐልማሶቹ ኋላ ጠጕራቸው የሸበተ አረጋውያን፥ ልጓሙን ሰብሰብ አድርገው፥ በቀስታ ሲያልፉ ይታያሉ።