መንግሥቱ ወርቁ እና የአጥቂነት ሙያ

በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ የአጥቂነት ሙያ፣ ማለትም የተጋጣሚን መረብ የመድፈር ኃላፊነት፣ ከመንግሥቱ ወርቁ ስም ጋር ተሳስሮ ይነሣል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ በግብፅ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለቴም አቻ ከሆነች በኋላ፣ አሸናፊውን ለመለየት በተጨመረው 30 ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱም ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አራተኛውን ግብ አስቆጥረው ዋንጫው በ4 ለ 2 ውጤት አገር ቤት ቀረ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለው። ይሁን እንጂ መንግሥቱን በዚያ ቀን ብቻ መለካት ውለታውን ማሳነስ ነው፤ በተለያዩ የአፍሪካ ዋንጫዎች በድምሩ 10 ግቦች ማስቆጠሩና በክለብ ደረጃ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ታማኝ ሆኖ መዝለቁ ከአንድ ድል ይልቅ ጽናቱን ይመሰክራሉ። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫም ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት መርቷል።