ቡናችን ለምን «አረቢካ» ተባለ?

ቆልተን ፈጭተን በምንሸጠው ቡና ማሸጊያ ላይ «አረቢካ» ብለን እንጽፋለን። «የከፋና የጅማ ቡና ሆኖ ሳለ የዓረብ ስም ለምን ይለጠፍበታል?» የሚሉ አባላት አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ዕፅዋትን በየወገናቸው የመለየት ሥራ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሣር ቅጠል እያለ ለይቷል። እናቶቻችን ጓሯቸውን የሚለዩበት መንገድም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

በኋላ ግን በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ የአንድ ተክል ስም ዓረፍተ ነገር አከለ። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንትዋን ደ ዡሲዩ ከአምስተርዳም ወደ ፓሪስ የመጣ የቡና ተክል መርምሮ የጃስሚን ዘመድ ነው አለ፤ «የዓረብ ጃስሚን» ብሎም ስለ ቅጠሉና ስለ ፍሬው ሌላ ማብራሪያ በስሙ ላይ ጨመረበት። አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በየመኑ የሞካ ወደብ በኩል ስለነበር ዓረብ ማለቱ አያስገርምም።

ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ቡናን ከጃስሚን ለየው፤ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍም በሁለት ቃል «ኮፊያ አረቢካ» አለው። የመጀመሪያው ቃል የወገኑ፣ ሁለተኛው የራሱ መጠሪያ ነው፤ የአባት ስም ቀድሞ እንደሚጠራ ሰው ማለት ነው። ሊኒየስ የሚመድበው በአበባው ውስጥ ያሉትን ወንዴና ሴቴ ክፍሎች ቆጥሮ ነበር። ቡና 5 ወንዴና 1 ሴቴ ስላለው ከመሰሎቹ ጋር ተመደበ። ለመቁጠር ቀላል ቢሆንም የማይዛመዱትን አንድ ላይ ስለሚያጉር ይህ አመዳደብ ኋላ ተትቷል። ስሞቹ ግን ቀሩ። በዕፅዋት አሰያየም ደንብ ከ1753 ወዲህ ቀድሞ በትክክል የወጣ ስም ይጸናል፤ አገሩን ስቷል ተብሎ አይለወጥም።

ኮሶአችን ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጠመው። ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ በእንግሊዛዊው ጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው። ያ ስም ግን አስቀድሞ ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ነበር። በዓመቱ ጀርመናዊው ግሜሊን «ሃጌንያ አቢሲኒካ» አለው፤ ሃገን የኬኒግስበርግ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ሴቴውን ኮሶ ከወንዴው ለይተው፣ አበባውን አድርቀው፣ ወቅጠው ለቤተሰቡ ሲያጠጡ የኖሩት ሴቶች በስሙ ውስጥ የሉበትም። ደግነቱ «አቢሲኒካ» የሚለው ቀርቶለታል።