ግራጫ የማያውቀው ማተሚያ፦ ከምኒልክ ቴምብር እስከ ዛሬው ማኅተም

የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1894 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ ታተሙ። ሰባት ነበሩ፤ በአራቱ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ፣ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ። እያንዳንዳቸው የታተሙት በአንድ ቀለም ብቻ ነው፤ የሩብ ግርሹ በአረንጓዴ፣ የአንድ ግርሹ በሰማያዊ፣ የ16 ግርሹ በጥቁር።

ቀራጩ ፈረንሳዊው ኧዤን ሙሾን ነበር። የገጠመው ችግር ቀላል አልነበረም። የአንበሳ ጎፈር ጨለማም፣ ብርሃንም፣ በመሃል ያለውም አለው። ማተሚያው ግን የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ከፍ ያለው መስመር ቀለም ይይዛል፣ ዝቅ ያለው ወረቀቱን ባዶ ይተወዋል። ግራጫ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ጥላው በወፍራምና በተጠጋጋ መስመር፣ ብርሃኑ በቀጭንና በተራራቀ መስመር ይሠራል። የቀረውን የሚያሟላው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ፎቶግራፍ ሲመጣ ችግሩ ባሰ፤ ፎቶ መስመር የለውማ! ጋዜጦች ለዓመታት ፎቶውን ለቀራጭ እየሰጡ በእጅ ያስቀርጹት ነበር። መጋቢት 4 ቀን 1880 (እ.ኤ.አ.) የኒውዮርኩ ዴይሊ ግራፊክ አንድ የደሳሳ ጎጆዎች ሰፈር ፎቶ በቀጥታ አተመ። ጀርመናዊው ጌዮርግ ማይዘንባህ ደግሞ በ1882 ምስልን ወደ ነጠብጣብ የሚለውጥበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ጥላው ትልቅ ነጥብ፣ ብርሃኑ ትንሽ ነጥብ ሆነ። ቀለሙ ግን አሁንም አንድ ነው።

ዛሬ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ አስረስቶናል። የድንጋይ ሸካራነት ወይም የብሩሽ ጭረት ያለው ዓርማ በስክሪን ላይ ያምራል፣ ይጸድቃል። ማኅተም ቀራጩ ጋ ወይም ቲሸርት አታሚው ጋ ሲደርስ ግን ሸካራው ክፍል ወይ ቀለም ጠጥቶ ጥቁር እብጠት ይሆናል፣ ወይ እንደ አቧራ ተበታትኖ ይጠፋል። «ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይር» የሚለው ትእዛዝ አያድነውም፤ ኮምፒውተሩ የትኛው ጭረት ለዓርማው እንደሚያስፈልግ አያውቅም። ይህን መወሰን ያለበት ሰው ነው። ጭረቱን መቀነስ፣ የቀረውን ማወፈር፣ በመካከሉ ባዶ ወረቀት መተው፣ ለማኅተም ጭራሽ ሸካራነት የሌለው ቅጂ ማዘጋጀት፣ ከዚያም በሚታተምበት መጠንና ወረቀት ላይ አትሞ ማየት።

ነገሩ የውበት ብቻ አይደለም። በእኛ አገር ደብዳቤ የሚታመነው በማኅተሙ ነው። ማኅተሙ ካልተነበበ የሚመላለሰው ዓርማውን ያጸደቀው ኃላፊ ሳይሆን ባለጉዳዩ ነው። ቢሮው ውስጥ ያልተወሰነውን ውሳኔ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው በትራንስፖርትና በቀን ይከፍለዋል።

የሙሾን አንበሳ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ከ130 ዓመት በኋላም አንበሳ መሆኑን ማንም አይስተውም። ምን እንደሚቀር አስቀድሞ የወሰነ ሰው ነበረዋ!