ሥዕላዊ ትረካ፦ ልጅዎ ይዞት የመጣው መጽሐፍ ምንድን ነው?

አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸው ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተውሶ ያመጣውን ገልጠው ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ሆኖ ሲያገኙት «ይሄ ደግሞ መጽሐፍ ነው? ደህና መጽሐፍ አምጣ እንጂ!» ማለታቸው የተለመደ ነው። ልጁ የያዘው ግን ከደህናም ደህና ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ግራፊክ ኖቭል» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ «ሥዕላዊ ልብወለድ» ቢባል ቃል በቃል ይስማማዋል፤ እኔ ግን «ሥዕላዊ ትረካ» የሚለውን እመርጣለሁ።

ነገሩ ይህ ነው፦ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተከታታይ ሥዕሎችና በአጫጭር ጽሑፍ የሚተርክ፣ ራሱን የቻለ መጽሐፍ። ከኮሚክ የሚለየው በአሣሣሉ አይደለም። ኮሚክ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ሆኖ በየጊዜው የሚወጣ፣ «ይቀጥላል» እየተባለ የሚሄድ ነው፤ ሥዕላዊ ትረካ የጀመረውን እዚያው ይጨርሳል። ስያሜውን በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ዊል አይስነር እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው መጽሐፍ ሽፋን ላይ በማስፈሩ ነው። በ1992 ደግሞ የአርት ስፒግልማን «ማውስ» ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጠው። «ማውስ» የደራሲው አባት ከናዚዎች እልቂት እንዴት እንደተረፉ የሚናገር እውነተኛ ታሪክ ነው። «ልብወለድ» የሚለው ቃል የሚያስቸግረኝም እዚህ ላይ ነው። በዚህ ዘርፍ ከሚወደዱት መጻሕፍት ብዙዎቹ ደራሲዎቹ በራሳቸው ላይ የደረሰውን የጻፉባቸው ስለሆኑ፣ «ትረካ» ካልን እውነቱንም ፈጠራውንም ይይዝልናል።

ሥዕሉ ጽሑፉን ለማስዋብ የገባ የሚመስለው ሰው የሴሲ ቤልን «ኤል ዴፎ» ይግለጥ። ደራሲዋ በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት የመስማት ችሎታዋን አጥታለች፤ መጽሐፉ ልጅነቷን የሚተርክ ነው። ሰዎቹ ሁሉ የተሣሉት ረጃጅም ጆሮ ባላቸው ጥንቸሎች መልክ ነው። ንግግር የሚጻፈው በተናጋሪው ራስጌ በሚሣል ክብ ውስጥ መሆኑን እናውቃለን። የልጅቷ የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ እየደከመ ሲሄድ በክቡ ውስጥ ያሉት ፊደላት ይፈዝዛሉ፤ ከዚያ ክቡ ባዶውን ይቀራል። አንባቢው የጓደኛዋን አፍ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ የተባለውን ግን እንደ እሷው አያገኘውም። በጽሑፍ ብቻ ይህን ለማስረዳት ስንት አንቀጽ ይፈጅ ነበር! መጽሐፉ በ2015 ለልጆች መጻሕፍት ከሚሰጡት የኒውበሪ የክብር ሽልማቶች አንዱን አግኝቷል።

«ልጄ ሥዕል ብቻ እያየ በንባብ ይሰንፋል» የሚለው ስጋት ይገባኛል፤ አልስማማበትም እንጂ። በሁለት የሥዕል ሳጥኖች መካከል ባለው ነጭ ክፍተት የሆነውን ማንም አይነግረውም፤ ልጁ ራሱ ነው የሚሞላው። አፉ «ደህና ነኝ» እያለ ፊቱ የሚያለቅስ ሰው ሲያይ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያምን ይወስናል። ይህ ንባብ ነው። ለእኛም ያን ያህል ባዕድ አይደለም፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሳጥን በሳጥን ከፋፍሎ፣ በየሥዕሉ ላይ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አስፍሮ የሚተርከውን ባህላዊ ሥዕል በየምግብ ቤቱና በየሰው ሳሎን አይተነዋል። ብዙውን ጊዜ 44 ሳጥን አለው፤ ከላይ ጀምሮ በየረድፉ ይነበባል።

ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል «ዌን ስታርስ አር ስካተርድ»ን አነሣለሁ፤ ከዋክብት ሲበተኑ እንደ ማለት ነው። ቪክቶሪያ ጄሚሰንና ኦማር መሐመድ በጋራ ሠርተው በ2020 አውጥተውታል። ኦማር ከሶማሊያ ጦርነት ሸሽቶ ከታናሽ ወንድሙ ከሐሰን ጋር ያደገው ኬንያ፣ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ነው። ሐሰን የሚጥለው በሽታ አለበት፤ አይናገርም፤ ከአፉ የሚወጣው አንድ ቃል «ሆዮ» ብቻ ነው፣ በሶማልኛ እናት ማለት። ኦማር ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ሲያገኝ ይህን ወንድሙን ለማን ትቶ ይሂድ? የውኃ ወረፋው፣ ኳሱ፣ ለዓመታት የሚጠበቀው የተባበሩት መንግሥታት ቃለ መጠይቅ ሁሉም አለ። ከቤተሰቡ በስደት ያለፈ ሰው ያለው ልጅ ከዚህ መጽሐፍ በኋላ ብዙ ጥያቄ ይዞ ይመጣልና ወላጅም አብሮ ቢያነበው ጥሩ ነው።

የጄሪ ክራፍት «ኒው ኪድ» ደግሞ በ2020 የኒውበሪ ሜዳልያን በመውሰድ ከሥዕላዊ ትረካዎች የመጀመሪያው ሆኗል። ሥዕል የሚወደው ጆርዳን ጥቁር ተማሪ በማይበዛበት የግል ትምህርት ቤት ይገባል፤ በሰፈሩና በትምህርት ቤቱ መካከል ሁለት ዓይነት ልጅ ለመሆን ሲሞክር እናየዋለን። የእኛም ልጆች በየቀኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ለሳቅ የሬይና ቴልገማየር «ስማይል» አለ፤ የፊት ጥርሶቿ በመውደቅ አደጋ የተጎዱባት ልጅ ታሪክ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ፦ ሥዕል ስላለው ብቻ ሁሉም ለልጅ ነው ማለት አይደለም። «ማውስ» እና ኢራናዊቷ ማርጃን ሳትራፒ ስለ ልጅነቷና ስለ አብዮቱ የሠራችው «ፐርሰፖሊስ» ግድያና እስር ያለባቸው ናቸው፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይቆዩ። ወላጅ ቀድሞ ገልጦ ይያቸው።

በአማርኛም ጅምር አለ። ኢታን ኮሚክስ በ2018 «ጀምበር» የተባለ ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በእንግሊዝኛና በአማርኛ አሳትሟል፤ «ሐዊ» የተባለች ሴት ጀግናም አስከትሏል። ፊደል ለይቶ ረጅም አንቀጽ የሚያደክመው የዳያስፖራ ልጅ ሥዕሉ እያገዘው አጭር የአማርኛ ንግግር ማንበቡ ቀላል ጥቅም አይደለም። ከጀግኖቹ ጎን ደግሞ እንደ ኦማርና እንደ ሴሲ ያለ ተራ ልጅ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ትምህርት ቤት የሚሄድ፣ ከእህቱ ጋር የሚጣላ፣ በአማርኛ ተሥሎ ባየው ደስ ይለኛል። ሠዓሊዎቹም ጸሐፊዎቹም አሉን።