ጦሩ ሲመለስ፦ የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ታሪክ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ፣ ከጣና በስተምሥራቅ እንፍራንዝን ታገኛላችሁ። በጉዛራ ቤተ መንግሥት የምትታወቅ ከተማ ናት። እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ «ማጅራት ገትር» ስትሉ፣ ሰው ቶሎ የሚያስበው በበጋ ድንገት የሚነሳውን ወረርሽኝ ነው። አይፈረድበትም፤ አገራችን ያለችው «የማጅራት ገትር ቀበቶ» በሚባለው የአፍሪካ ክፍል ውስጥ ነው። ያንን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ሰውን በሰዓታት ውስጥ ይጥላል። ሌላም ዓይነት አለ፤ ለሳምንታት በማይለቅ ራስ ምታት ቀስ ብሎ የሚገባ። የዚህኛው አምጪ ክሪፕቶኮከስ የተባለ ፈንገስ ነው።

ፈንገሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። በጀርመን ከአንዲት ታማሚ የእግር አጥንት፣ በጣሊያን ደግሞ ከኮክ ጭማቂ ተገኘ። በኋላ በእርግብ ኩስና በአፈር ውስጥም እንደሚኖር ታወቀ። በአየር ወደ ሳንባችን ሲገባ፣ ሲዲ4 የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሌሎቹን ተዋጊ ሴሎች ይጠሩና ያፍኑታል። ስለዚህ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፋል።

ይህን ሚዛን ያፈረሰው ኤች አይ ቪ ነው። በኢትዮጵያ የቫይረሱ የመጀመሪያ ማስረጃ የተገኘው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ቫይረሱ የሚገድለው እነዚያኑ ሲዲ4 ሴሎች ነው። ቁጥራቸው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ100 በታች ሲወርድ፣ ጠሪ የሌለው ጦር ይበተናል፤ ፈንገሱም አንጎል ይደርሳል። ወፍራም ሽፋን ስላለው ደግሞ ከቀሩት ሴሎች ይደበቃል። ሐኪሞች ከአከርካሪ በተቀዳ ፈሳሽ ላይ ጥቁር ቀለም ጠብ አድርገው በማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ ያ ሽፋን በጥቁሩ መሃል እንደ ነጭ ቀለበት ይታያል።

በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ብዙዎች ከሞት አፋፍ ተመለሱ። ታዲያ ጦሩ ከተመለሰ ጉዳዩ አለቀ? አላለቀም። በየአገሩ ሐኪሞች ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው፤ ቫይረሱ እየቀነሰ፣ ሲዲ4 እየጨመረ፣ ታማሚው ግን እንደገና በራስ ምታት ይወድቃል። ፈሳሹ ሲመረመር ሕያው ፈንገስ ላይገኝበት ይችላል።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ፈንገሱ ቢሞትም የሽፋኑ ስብርባሪ አንጎል አካባቢ ይቀራል። የተመለሰው ጦር ያን ሲያይ በሙሉ ኃይሉ ይዘምትበታል። የራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥም፤ እብጠቱ አንጎልን ይጫናል። ለወትሮው የሚያድነን መከላከያ እዚህ ራሱ አደጋ ይሆናል።

እንግዲህ መድኃኒቱ መቼ ይጀመር? በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ 177 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። የፈንገሱ በሽታ ከታወቀ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ የጀመሩትን፣ 5 ሳምንት ገደማ ከጠበቁት ጋር አነጻጸረ። በ26 ሳምንት ውስጥ ቀድመው ከጀመሩት 45 በመቶው፣ ከጠበቁት 30 በመቶው ሞቱ። የባሰ የተጎዱት መጀመሪያ ላይ በአከርካሪ ፈሳሻቸው ውስጥ ነጭ ሴል በጣም ጥቂት የነበራቸው፣ ማለትም ጦራቸው የሳሳ ናቸው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላል ተረታችን፤ እዚህ ግን የፈሰሰው የሚለቀም አልነበረም።

ልብ በሉ፣ ይህ ለሁሉም ታማሚ የሚሆን ሕግ አይደለም። ማጅራት ገትር የሌለበት ሰው የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ቶሎ መጀመር አለበት። ክሪፕቶኮከስ የያዘው ግን በቅድሚያ ፈንገሱን ይታከማል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ4 እስከ 6 ሳምንት መጠበቅን ይመክራል።

ዛሬ የፈንገሱን ምልክት በጠብታ ደም፣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ አለ። ራስ ምታቱ ሳይጀምር እንኳ ሊይዘው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በ5 የአፍሪካ አገሮች የተደረገ ጥናት ሕክምናውን አቀለለው፤ በየቀኑ በደም ሥር ይሰጥ የነበረው አምፎቴሪሲን በአንድ ከፍተኛ መጠን ተተካ፣ ከጎኑም ለ2 ሳምንት የሚዋጥ መድኃኒት ተጨመረበት። ከትልቅ ሆስፒታል ርቆ እንደ እንፍራንዝ ባለ ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው ራሱን ሳምንት ሙሉ ካመመው፣ «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቋርጥም ንገሩትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።